ከቴሌግራም የወረደ ሊነክስ ሚንት ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪ_ፒያሳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ ላፕቶፔ አሮጌ ዴል ነው 4 ጂቢ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ነኝ እሱን ደግሞ ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 2025 ላይ ድጋፉን አቋረጠ፣ 11ን ማሽኑ አይችለውም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊነክስ ሚንት ልሞክር ብዬ ከሳይታቸው ላወርድ ስል ወደ 3 ጂቢ ነው፣ ግማሽ ላይ ኔት ይቆረጥና እንደገና ከዜሮ። አንድ ጓደኛዬ ከቴሌግራም ቻናል አግኝቶ ላከልኝ፣ ለሁለት የተከፈለ ራር ነበር ስፈታው አይኤስኦው (የመጫኛው ፋይል) ወጣ። አንቲቫይረሴ ምንም አላለም። ልጫነው? የመመረቂያ ጽሑፌ እዚሁ ማሽን ላይ ስላለ ነው የፈራሁት

ቆሎ_ተማሪ፦
ኧረ ጫነው ባክህ ሃሃሃ፣ ስንቱን ክራክ የሆነ ዊንዶውስ በፍላሽ ስናስጭን ማን ጠየቀ። ሊነክስን ቫይረስ አይነካውም

ተርሚናል_ዘገርጂ፦
ይሄን "አይነካውም" የምትሉትን ተዉት በናታችሁ። ፌብሩዋሪ 2016 ላይ የሚንት የራሱ ሳይት ተጠልፎ የዳውንሎድ ሊንኩ ባክዶር (ሌባ የሚገባበት ድብቅ በር) ወዳለበት አይኤስኦ ሲወስድ ነበር፣ 17.3 ሲናሞን የሚባለው የሚንት እትም፣ በዛን ቀን ከገጹ ክሊክ አድርጎ ያወረደ ተበላ በቶረንት (ፋይሉን ከሌሎች ተጠቃሚዎች በቁራጭ በቁራጭ የሚያወርደው ዘዴ) ያወረዱት ግን ምንም አልሆኑም።

ወንድሜ ፋይሉ ከቴሌግራም ይምጣ ከሰማይ ይውረድ ግድ የለም፣ ቼክሰሙ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው እንደ አሻራ ያለ ኮድ) ሳይታቸው ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ያው ነው። የሚንት ሳይት ገብተህ የያዝከውን ቨርዥን ፈልግ፣ ሻ256ሰም የሚል የጽሑፍ ፋይል አለ፣ ጥቂት መስመር ስለሆነች ኔቱ ቢያስቸግርም ትከፈታለች። ከዛ ሲኤምዲ (የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት) ከፍተህ ሰርትዩቲል ስፔስ ሰረዝ ሀሽፋይል ስፔስ የፋይሉ ስም ስፔስ ሻ256 ብለህ እንተር። ትንሽ ይቆያል፣ 64 ፊደልና ቁጥር ይሰጥሃል። በዓይንህ አታነጻጽር ያደክምሃል፣ ኮፒ አድርገህ ብሮውዘሩ ላይ በኮንትሮል ኤፍ ፈልገው፣ ካገኘው ገጥሟል ማለት ነው። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ አጥፋው፣ ወይ ተበላሽቷል ወይ ተነካክቷል። አንቲቫይረስ ዝም ማለቱን ማስረጃ አታድርገው

ሰሊጥ_ኮድ፦
ተርሚናል ያለው ልክ ነው ግን ሳይቱ ራሱ ከተጠለፈ ቼክሰሙንም መቀየር ይችላሉ እኮ። ለዛ ነው አጠገቡ የጂፒጂ ፊርማ (ቼክሰሙን ያወጡት ራሳቸው መሆናቸውን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ) የሚቀመጠው፣ እሱን ማረጋገጥ ለጀማሪ ያስቸግራል እንጂ ዋናው እሱ ነበር፣ ቢያንስ ቼክሰሙን ከሁለት የተለያየ ሚረር (የሚንትን ፋይሎች ቅጂ ከሚያስቀምጡ ሌሎች ሳይቶች) ከፍተህ አንድ መሆኑን እይ። ለሌላ ጊዜ ቶረንት ተጠቀም፣ ኔት ሲቆረጥ ካቆመበት ይቀጥላል እያንዳንዷን ቁራጭም ራሱ እያረጋገጠ ነው የሚያወርደው፣ የቶረንት ፋይሏን ግን ከራሳቸው ሳይት ውሰድ።

ጽሑፍህን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ አስቀምጥ፣ ለራስህ ኢሜይል አድርገውም ቢሆን። አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ የሚጽፍልህ ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን ጠራርጎ ነው የሚጽፍበት ስለዚህ ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ እንዳትሰካ! በፍላሹ ስታስነሳው ሚንት ሳይጫን ይከፈትልሃል፣ እዛው ዋይፋዩን ድምፁን ሞክር። ጭነቱ ላይ ኢሬዝ ዲስክ የሚለውን ከነካህ ዊንዶውስም ፋይልም ደህና ሰንብት፣ ሁለቱንም ከፈለግክ ኢንስቶል አሎንግሳይድ የሚለውን ነው የምትመርጠው

ጀማሪ_ፒያሳ፦
ገጠመ!! መጀመሪያ ኤረር አለኝ፣ ለካ ፋይሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ስለሆነ ሲዲ ዳውንሎድስ ማለት ነበረብኝ። ጽሑፉን ለእህቴም ላኩት። ሲናሞን ነው ያወረድኩት 4 ጂቢ ላይ ይከብዳል? በፍላሽ ለማስነሳት የቱን ልጫን፣ አማርኛስ ይጽፋል?

ተርሚናል_ዘገርጂ፦
ዴል ከሆነ ሲነሳ ኤፍ12 ደጋግመህ ተጫን። ሲናሞን ይሠራል፣ ብሮውዘር ላይ ብዙ ታብ ስትከፍት ነው የሚያንቀራፍፈው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው የሚንት እትም ቀለል ይላል። ለአማርኛ ሶፍትዌር ማናጀር ላይ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ፈልገህ ጫን፣ ሴራ የሚል ኪቦርድ ይመጣልሃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል እየመታህ ግዕዝ ይጽፍልሃል። በፓወር ግዕዝ (የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ) የተጻፈ የቆየ ፋይል ካለህ ግን ዊንዶውሱን ገና አታጥፋው፣ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ይዘበራረቃል