የእንቅርት መድኃኒት ካቆምኩ በኋላ ስለጨመረው ክብደቴ ምክር እሻለሁ

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ የእንቅርት ሆርሞኔ ከመጠን በላይ በመብዛቱ ሆርሞኑን የሚቀንሰውን ፕሮፒልታዮዩራሲል የተባለ መድኃኒት ስወስድ ቆይቼ፣ የደም ምርመራዬ በመስተካከሉ ሐኪሜ ባለፈው ዓመት አስቁመውኛል። ከዚያ ወዲህ አመጋገቤን ሳልለውጥ፣ በጾሙ ወራት እንኳ ሳይቀር፣ 9 ኪሎ ጨምሬአለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ተስማምቶሻል» ይሉኛል (ምነው ባላሉኝ!)፣ እኔ ግን የቀሚሴ ዚፕ አልዘጋ ከማለቱም በላይ ጠዋት ፊቴ ያብጣል፣ በቀትር ፀሐይም ይበርደኛል። በሽታው ያከሳው ሰው ሲድን ክብደቱ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ሆኖም አሁን ከመታመሜ በፊት ከነበረኝ ክብደት አልፌአለሁ። የእንቅርት ዕጢዬ በተቃራኒው ሥራው ቀንሶ ይሆን? ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ በመሆኑ፣ ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ ፎር የተባሉትን፣ የዕጢውን ሥራ የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች አስቀድሜ ላሠራ ወይስ እስከዚያ ብጠብቅ ጉዳት የለውም? በሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።