ፉልብራይት አጭቶኛል፤ የሚጽፍልኝ ግን ኤምባሲው አይደለም። ባለቤቱ ማን ነው?

ሐምራዊት፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና መምህርት ነኝ፤ ማስተርሴን እዚሁ አገር ጨርሻለሁ። ለፒኤችዲ ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ ነፃ የትምህርት ዕድል አመልክቼ ቃለ መጠይቁን አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ሄጄ ተፈተንኩ። ከዚያ ወዲህ ከኤምባሲው የሚመጣልኝ ነገር ጥቂት ነው። በየጊዜው የሚጽፍልኝ ኒውዮርክ ያለ «ኢንስቲትዩት ኦቭ ኢንተርናሽናል ኤጁኬሽን» የሚባል ድርጅት ነው። ትራንስክሪፕት ላኪ ይላል፤ ቶፍልና ጂአርኢ ተፈተኝ፣ ክፍያውን እኛ እንችላለን ይላል። ባለቤቴ ኢሜይሉን አንብቦ «ገንዘብ ከፍሎ የሚያስፈትን አጭበርባሪ አይቼ አላውቅም፤ ግን ለሁሉም ጠይቂ» አለኝ።

ዋናው ችግሬ ግን ቢሮ ነው። የትምህርት ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ የሰው ሀብት ክፍላችን ቅጽ አለው፤ «የስፖንሰሩ ዓይነት» የሚል ሣጥን አለበት። ምርጫው ሦስት ነው፦ የውጭ መንግሥት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ የግል። እኔ «የውጭ መንግሥት» ብዬ ምልክት አደረግሁ። የክፍሉ ኃላፊ የድርጅቱን ኢሜይል አይተው «ይሄ ኤንጂኦ ነው፤ በመንግሥት ደረጃ የተደረገ ስምምነት የለም፤ ስለዚህ የፈቃዱ ዓይነት ይለያል» አሉኝ። ዋስ ጥሩ፣ ውል ፈርሙ የሚለውም እንደ ሣጥኑ ነው የሚሄደው።

በዚያ ላይ አምና የሰማነው ወሬ አለ። ገንዘቡ ታግዶ ተማሪዎች ሜዳ ላይ ቀሩ፣ ቦርዱ በሙሉ ለቀቀ እየተባለ። ልጅ ይዤ፣ ደመወዜን ትቼ የምሄድ ሰው ነኝና ያለፋችሁበት ሰዎች በእውነት ንገሩኝ። ይህን ነገር የሚሰጠኝ ማን ነው? ነገ ችግር ቢመጣስ የማንን በር ነው የማንኳኳው?

የአራት ኪሎ ተማሪ፦

ሐምራዊት፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ግን ደስታውን በልክ አድርጊው፣ ገና ነሽ። እኔ በዚህ መንገድ ሄጄ ተምሬ፣ አገሬ ተመልሼ ሁለት ዓመቴን ጨርሼ፣ ኋላ በዲቪ የመጣሁ ነኝ። ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ከሚያስተዳድሩ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች በአንዱ እሠራለሁ (ስሙን ተዪው፤ አንቺን ከሚጽፍልሽ የተለየ ነው)። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ።

ገንዘቡ የአሜሪካ መንግሥት ነው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ይመድባል፤ በስቴት ዲፓርትመንት ውስጥ የትምህርትና የባህል ጉዳዮች ቢሮ የሚባለው ይይዘዋል። ቢሮው ግን ራሱ ተማሪ አያጓጉዝም። ከአይአይኢ (አንቺ ከምትይው የኒውዮርኩ ኢንስቲትዩት) ጋር የትብብር ስምምነት ይፈርማል፤ ማመልከቻሽን ለዩኒቨርሲቲዎች የሚልከው፣ ስለ ክፍያ የሚከራከረው፣ ወርሃዊ አበልሽን የሚያስገባው፣ ስትታመሚ የምትደውይለት እሱ ነው። የእቁብ ጸሐፊ በይው፦ ብሩን ይቆጥራል፣ ያደርሳል፤ ብሩ ግን የእሱ አይደለም።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ታሪኩ ቀላል ነው። አይአይኢ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። የፉልብራይት ሕግ የመጣው ከዚያ 27 ዓመት ቆይቶ ነው። የአርካንሳው ሴናተር ዊልያም ፉልብራይት ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በየአገሩ የተረፈውን የአሜሪካ ጦር ንብረት ሽጦ ገንዘቡን ለተማሪ ልውውጥ ማዋል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኦገስት 1 ቀን 1946 ፈረሙበት። መንግሥት ገንዘብ ሲያገኝ ዩኒቨርሲቲዎቹን በየስማቸው የሚያውቅ፣ የውጭ ተማሪ ማስረጃ ማንበብ የሚችል ሰው ያለው ያ ድርጅት ነበር። ስለዚህ ሥራውን ለእሱ ሰጠው። እስካሁንም አልነጠቀውም።

አሁን ወደ አንቺ። ሥልጣኑ የተከፋፈለ ነው፤ ይህን ካላወቅሽ የተሳሳተ በር ስታንኳኪ ትኖሪያለሽ። ወደ 50 በሚጠጉ አገሮች ሁለቱ መንግሥታት አብረው ያቋቋሙት ኮሚሽን አለ፤ በኢትዮጵያ የለም። ስለዚህ እኛ ዘንድ እጩ የሚመለምለው ኤምባሲው ነው። የመጨረሻውን ምርጫ የሚያጸድቀው ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸው 12 አባላት ያሉት የፉልብራይት ቦርድ ነው። አይአይኢ የሚያደርገው ፕላስመንት፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ማፈላለግ ነው። «ፕሪንሲፓል» (ዋና ተመራጭ) ነሽ ወይስ «ኦልተርኔት» (ተጠባባቂ) የሚለውን ኤምባሲውን ጠይቂ፤ ኒውዮርክ ያለችው የአይአይኢ ልጅ እሱን ልትለውጥልሽ አትችልም። ማመልከቻሽ ወደ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደተላከ ግን እሷን ጠይቂ፤ ኤምባሲው አያውቅም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ ከፋይም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ። የመንግሥቱ ገንዘብ ብቻውን የአሜሪካን ትምህርት ክፍያ አይችለውም። ድርጅቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ ክፍያው እንዲቀር ወይም እንዲቀነስ ያደርጋል፤ ለፒኤችዲ ደግሞ የፉልብራይቱ ዓመታት ሲያልቁ ዩኒቨርሲቲው በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር እንዲይዝሽ ይፈለጋል። እኔ ቦስተን አልሜ መካከለኛው ምዕራብ፣ በቆሎ መሐል ወዳለ የስቴት ዩኒቨርሲቲ የተላክሁት በዚህ ምክንያት ነው። ስሙን እዚህ ቤት የሰማ ሰው አልነበረም፤ በእኔ ሙያ ግን እጅግ ጥሩ ላቦራቶሪ ነበረው። እና ስሙን የማታውቂው ቦታ ቢመጣልሽ ወዲያው አታኩርፊ። መጀመሪያ ፕሮፌሰሩን እይ፤ ከዚያ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ጠይቂ። በግልሽ የምታውቂው ፕሮፌሰር ካለ ደግሞ ለፕላስመንቷ ልጅ ንገሪያት፤ ሳትነግሪያት በጎን አታመልክቺ።

የባለቤትሽን ጥርጣሬ በተመለከተ፦ ጥሩ ሰው ነው፣ ይጠርጥር። ፉልብራይት ለማመልከት ክፍያ የለም። ቪዛውም በመንግሥት ፕሮግራም የሚሰጥ ጄ-1 (የልውውጥ ቪዛ) ስለሆነ የኤምባሲ ክፍያም የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያም የለበትም። ዲኤስ-2019 የሚባለው፣ ቪዛ የምትጠይቂበት ወረቀት ሲመጣልሽ የፕሮግራም ቁጥሩን እይው፣ በ«ጂ» ፊደል ይጀምራል፤ የመንግሥት ማለት ነው። በመሐል «ለማስኬጃ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እሱ ሌባ ነው።

ያ «ጂ» ግን ዕዳም አለው። በመንግሥት ገንዘብ የሄደ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ በድምሩ ሁለት ዓመት አገሩ መቀመጥ አለበት። እስኪጨርስ ድረስ ኤች ወይም ኤል የሚባለውን የሥራ ቪዛም ግሪን ካርድም አያገኝም። ለጉብኝት ወይም ለስብሰባ መምጣት ይቻላል። ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት አለ፤ ነገር ግን በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ለተማረ ሰው አገርሽ «አልቃወምም» ብላ ብትጽፍልሽ እንኳ ብዙም ተስፋ አይጣልበትም። ለቅጹ ግን ይሄ ጠቃሚሽ ነው። ኃላፊው «ኤንጂኦ ነው» ካሉ ይህን ሕግ አሳዪያቸው፦ ኤንጂኦ ማንንም ሁለት ዓመት አገርህ ተቀመጥ ብሎ በቪዛ ሊያስር አይችልም። ኤምባሲው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ «በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፍ፣ በአይአይኢ የሚተዳደር» የሚል ሐረግ ይኑርበት። ከዚያ ሣጥኗ ያንቺ ናት።

የአምናውን ነገር ማታ እጽፋለሁ፤ ስብሰባ አለብኝ።

ቦን ላይ፦

ለማነጻጸር ያህል፦ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው የጀርመኑ ዳአድም እንዲሁ ነው። ብዙ አበሻ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስለዋል። በ1925 የተቋቋመ፣ አባላቱ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችና የተማሪ ማኅበራት የሆኑ ማኅበር ነው፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ ጉዳይ፣ ከትምህርትና ምርምር፣ ከልማት ሚኒስቴሮች፣ ከአውሮፓ ኅብረትም ይመጣል። አዲስ አበባ ስንማር የምናውቀው ጎተ ኢንስቲትዩትም በሕግ ማኅበር ነው። ልዩነቱ እዚህ የሁለት ዓመቱ የቪዛ እገዳ የለም። በሌላ በኩል እንደ ፉልብራይት ዩኒቨርሲቲ ፈልጎ የሚያስገባሽ የለም፤ የመግቢያውን ሩጫ ራስሽ ነሽ የምትሮጪው። እኔ ከሁለቱ ብመርጥ የቱን እንደምመርጥ አላውቅም፤ ቀኑ ይወስነዋል።

የድሮ አለማያ፦

ልጄ ሐምራዊት፣ ይህ ነገር ለእናንተ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ እኛም በዚሁ ነው የሄድነው። አለማያ የእርሻ ኮሌጅ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የንጉሡ መንግሥት መሬት አንድ ላይ ሆነው ያቆሙት ነው። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ የተላክሁት አፍግራድ በሚባለው ነበር። ገንዘቡ የዩኤስኤአይዲ፣ የሚያስተዳድረው አፍሪካን-አሜሪካን ኢንስቲትዩት የሚባል የግል ድርጅት፣ የትምህርት ክፍያውን የሚተወው ዩኒቨርሲቲው። በየሴሚስተሩ ውጤቴን የምልክለት ሰው የኢንስቲትዩቱ ነበረ፤ አንድ ጊዜ ሲ ባመጣ ረጅም ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ከአባቴ ቁጣ አይተናነስም። የመንግሥት ሠራተኛ ያን ያህል የሚከታተል አይመስለኝም። ተመልሼ ያገለገልኩት ግን ለአገሬ መንግሥት ነው፤ ዋስ የሆነኝም የአጎቴ ልጅ ነበር። ለዋስሽ አስቢለት።

የአራት ኪሎ ተማሪ፦

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። አፍግራድን በስም የሚያውቅ ሰው ዛሬ አገኘሁ።

ሐምራዊት፣ ወደ አምናው። የሰማሽው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ስቴት ዲፓርትመንት ለልውውጥ ፕሮግራሞች የሚለቀውን ክፍያ አቆመ። ይህ ሲሆን የዚህ አሠራር ደካማ ጎን ፊት ለፊት ታየ። መንግሥት ቧንቧውን ሲዘጋ እንዲህ ያለው ድርጅት በራሱ ብዙ ወር የሚቆይበት ጥሪት የለውም፤ ወጪውን አውጥቶ ኋላ ነው ከመንግሥት የሚያስመልሰው። በየድርጅቱ ሰዎች ያለ ደመወዝ እረፍት ውጡ ተባሉ፤ እኔም ከወጡት ነበርኩ። አበላቸው የዘገየባቸው ተማሪዎች በስልክ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ፤ የምንመልስላቸው መልስ ግን አልነበረንም። ኋላ ገንዘቡ ተለቀቀ። በጁን ደግሞ ከቦርዱ አባላት ከአንድ በቀር ሁሉም ለቀቁ፤ ቦርዱ መርጦ የጨረሳቸውን ሰዎች አስተዳደሩ እየሰረዘ ነው፣ ይህ ከሕጉ ውጭ ነው ብለው ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አልተዘጋም።

እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ጋ ገብቶ «ይህችን ልጅ ያለ ክፍያ ውሰዷት» ብሎ የሚከራከር ዲፕሎማት የለም፤ የእኛ ቢጤ ነው የሚከራከረው። ግን ገንዘቡን የሰጠው አካል ሐሳቡን ሲቀይር እኛ ጋሻ አንሆንም፤ ይህን ማንም በፊት አይነግርሽም። ስለዚህ በእኔ በኩል የምመክርሽ ሁለት ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲሽን ሥራ አትልቀቂ፤ ፈቃድ ውሰጂ፤ ፕሮግራሙ በመሐል ቢቋረጥ ወደ ሥራሽ እንደምትመለሺና ዋስሽ እንደማይጠየቅ የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ አስገቢ። ሁለተኛ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ይዘሽ ሂጂ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም።

ሚኒሶታ ነኝ፦

እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ግን ይህ ነገር በቤቴም ስለሚያልፍ ልናገር። ከተማችን ውስጥ ከስቴት ዲፓርትመንት እንግዶች የሚላኩለት አንድ ትንሽ ድርጅት አለ፤ «ኢንተርናሽናል ቪዚተር» የሚሉት ፕሮግራም ነው፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም ከየአገሩ ለሦስት ሳምንት ያህል ይመጣሉ። ድርጅቱ ጥቂት ሠራተኛ ነው ያለው፤ የቀረነው በጎ ፈቃደኞች ነን። መንግሥት አውሮፕላኑንና ሆቴሉን ይከፍላል፤ እራቱን እኛ እናበላለን። አንዴ ከመካከለኛው እስያ የመጡ ሴት ዳኞችን ቤቴ ጋበዝኩ፤ እንጀራ በእጅ ሲበላ አይተው በሳቅ ሞቱ፣ ኋላ ግን ሽሮውን ከዶሮው አስበልጠው ጨረሱት። ሐምራዊት፣ ስትመጪ ከተማሽ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድርጅት መኖሩን ጠይቂ። በብርዱ ጊዜ ወዳጅ የሚገኘው በእነሱ በኩል ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ልጅ በገና እረፍት ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሐምራዊት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ ስለ ዋስ ያሉትን ለአጎቴ አነበብኩለት፣ «ሰውየው አዋቂ ናቸው» አለ። ቅጹን ይዤ ሰኞ እመለሳለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለቤቴና እሷ አብረውኝ ቢመጡ የጤና ዋስትናው ይሸፍናቸዋል?

የአራት ኪሎ ተማሪ፦

አይሸፍናቸውም። አንቺን የሚይዝሽ አስፒ የሚባል የስቴት ዲፓርትመንት የጤና ድጋፍ ነው፤ ለአንቺ ብቻ። ጄ-2 (የቤተሰብ ቪዛ) ይዘው ለሚመጡት ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታሽ ነው፤ ዋጋውም ለአንድ ተማሪ አበል ቀላል አይደለም። እኛ ዘንድ ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው መጀመሪያ ተማሪው ብቻውን ይመጣል፤ ቤት ይይዛል፤ የዩኒቨርሲቲውን ዋጋ ከሌላው ያነጻጽራል፤ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ቤተሰቡ ይከተላል። የአበሉን መጠንና ስለ ቤተሰብ የሚለውን የምታገኚው ሲመጣልሽ በምትፈርሚው «ተርምስ ኦቭ አፖይንትመንት» ላይ ነው። ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ያልገባሽን አንቀጽ እዚህ ለጥፊው፣ እናየዋለን።