ጥቆማ፦ ለሚያቃጥልና ለሚደነዝዝ እግር ድሬ ውስጥ ምን ይሻላል?

የከዚራዋ፦
ሰላም ድሬዎች። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ካለባት 12 ዓመት ሆኗታል። አሁን ሌሊት ሌሊት እግሯን ያቃጥላታል። «ፍም ላይ የቆምኩ ይመስለኛል» ትላለች። አንሶላ ሲነካት እንኳ ያማታል። ቀን ደግሞ ይደነዝዛታል፣ ጥጥ ላይ የምትራመድ ይመስላታል። ሐኪሙ የነርቭ ጉዳት ነው ብሎ ክኒን ጽፎላት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያፈዛት ተወችው። ያለ መድኃኒት የሚረዳ ነገር ፈልጌ ሦስት ነገር አስቤያለሁ፦ ፊዚዮቴራፒ፣ ያ በኤሌክትሪክ የሚነዝረው የእግር ማሽን፣ ወይም ለስላሳ ጫማ። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ነው። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ነምበር ዋን፦
ጫማ! ሌላ አታስቢ። ታይዋን ገበያ ስትገቢ በስተግራ ያለው ጫማ ሻጭ ልጅ ጋ ሂጂ። 8 ዓመት ከሱ ነው የምገዛው። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ለስላሳ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፣ እግሬን አሞኝ አያውቅም።

ገንደ ቆሬ፦
አንተ ስኳር አለብህ እንዴ?

ነምበር ዋን፦
የለብኝም። ጫማው ግን ሐሪፍ ነው።

የሳቢያን እናት፦
እኔ ያየሁት ቢ ኮምፕሌክስ ነው። ጎረቤቴ ወስዳ ተሽሏታል። ከፋርማሲ ያለ ወረቀት ይሰጡሻል። በነገራችን ላይ ለወገብ ጥሩ ፊዚዮቴራፒ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ከወለድኩ ጀምሮ መጎንበስ አቅቶኛል።

ኡሙ ሰሚር፦
እህቴ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ይሄን አንብቢ። አባቴ እንደ እናትሽ ነበር። ያቃጥለዋል፣ ይደነዝዘዋል። ሰው ጠቆመንና አንድ ማሻ ቤት ወሰድኩት። እግሩን ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። «ውሃው ይፈጃል እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ለብ ያለ ነው» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ማታ ካልሲውን ሳወልቅለት ቆዳው አብሮ ተላጠ። ወላሂ እሱ ምንም አልተሰማውም። ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ቁስሉ 4 ወር ፈጀ፣ ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። እጄን ውሃው ውስጥ ብከት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ገንደ ቆሬ፦
አላህ ያሽረው። የት ነው ቤቱ? ስሙን ተናገሪ፣ ሰው ይጠንቀቅ።

ኡሙ ሰሚር፦
ስም አልጠራም። የትም ቤት ያው ነው፣ ውሃው ውሃ ነው። ሰው እንዲያውቅ የምፈልገው እግሩ እንደማይሰማው ነው።

የለገሃሬ ልጅ፦
ሙቅ ውሃን እንዲህ አታስፈራሩት አቦ። ኤረር ፍል ውሃ ስንቱን አድኗል። አያቴ በየዓመቱ ይሄድ ነበር፣ ቆሞ ነው የሞተው።

ኡሙ ሰሚር፦
አያትህ ስኳር ነበረበት? እግሩ ይሰማው ነበር?

የለገሃሬ ልጅ፦
አይ፣ ቁርጥማት ነበር። ግን ፍል ውሃ ፍል ውሃ ነው።

ግሪክ ካምፕ፦
እኔም የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እናቴን ቀትር ላይ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ጫማዋን አውልቃ ግቢው ድንጋይ ላይ ቆመች። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ቤት ስንገባ የውስጥ እግሯ ውሃ ቋጥሯል። አሁን ወፍራም ካልሲ አድርጋ ነው የምትገባው፣ የምንሄደውም በጠዋት ነው። መስጊድ ለሚሄዱ አባቶችም ያው ነው።

ነምበር ዋን፦
ለዚህ ነው ጫማ ያልኩት። ታይዋኑ ልጅ ጋ።

ገንደ ቆሬ፦
ሴትዮዋ ጫማ አውልቃ ነው የተቃጠለችው፣ አንተ አሁንም ጫማ ቤት ትልካለህ። ጥርሳችንን ሲያመንም እዚያው ልጅ ጋ እንሂድ?

ፊዚዮ ከሐረር፦
አትጣሉ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የማውቀውን ልጻፍ። ትንሽ ይረዝማል።

ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እጅና እግር የሚሄዱ ነርቮች ናቸው የተጎዱት። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ሲል ነርቩንም ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ናቸው። ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምርና ካልሲ እንደለበሰ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ቆይቶ የእጅ ጣት ይደርሳል። ያው እግር ያቃጥላል፣ ያው እግር አይሰማም። የኡሙ ሰሚር አባት የተጎዱት በዚህ ነው። የሚያቃጥል እግር እሳትን የሚያውቅ ይመስላል፣ አያውቅም።

ግን ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ምክንያቱ ስኳር ብቻ ነው ማለት አይደለም። እናትሽ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለብዙ ዓመት ከወሰደች ቪታሚን ቢ12 ሊጎድላት ይችላል። ይሄ በደም ይታያል፣ ሲጎድል ይተካል። ታይሮይድ፣ ኩላሊት፣ መጠጥ፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት፣ ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድም ነርቭ ይነካሉ። ቢ ኮምፕሌክስ ለምትሉ ደግሞ፣ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሳይመረመሩ መዋጥ ጥሩ አይደለም።

ቆዳ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ግን ሥጋ ደዌም ይታሰብ። ሐረርን አልፎ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል የተጀመረው ለዚህ ሕክምና ነው። ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ሰው አፍሮ ሲደብቀው ነው ጣቱን የሚያጣው።

የከዚራዋ፦
እግዜር ይስጥህ። ሜትፎርሚን ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። ቢ12 ማንም አይቶላት አያውቅም። ታዲያ ከሦስቱ የቱ ይሻላል?

ፊዚዮ ከሐረር፦
ማሽኑ አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙን ለጊዜው ያበርደዋል። ነርቩን አያድንም። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው አይጠቀምም፣ ቁስል ላይ ወይም በማይሰማ ቆዳ ላይም አይደረግም። የእናትሽ እግር ደግሞ ደንዝዟል።

ጫማ ይጠቅማል፣ ነምበር ዋን እውነቱን ነው። ነገር ግን ጥሩነቱ በልጁ አይለካም። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ትግዛ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ፊቱ ሰፊ ይሁን፣ ውስጡ ስፌት አይኑረው። በጣት መሃል የሚገባ ነጠላ ጫማ ይቅርባት። ከማጥለቋ በፊት እጇን ከታ ጠጠር እንዳለ ትዳስስ። ብዙ ቁስል የሚጀምረው በአንድ ጠጠር ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምለው ማሸት አይደለም። እንቅስቃሴ ነው። በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ እግሯ ላይ ቁስል ከሌለ በደንብ ጫማ ተጫምታ ትራመድ። ወንበር ይዛ ቆማ ተረከዟን ከመሬት ታንሳ ታውርድ። ግድግዳ አጠገብ ሆና ሚዛኗን ትለማመድ፣ ምክንያቱም እግር ካልተሰማ ሰው ይወድቃል። ይሄን አንድ ሁለቴ የሚያሳይሽ ባለሙያ ካገኘሽ ቀሪው ቤት ውስጥ በነፃ ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ግን ስኳሯ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠሪ። ድል ጮራ ሆስፒታል የስኳር ክትትል አለ። እዚያ እግሯን በቀጭን የናይለን ክር እየነኩ ይፈትሹላት፣ «10 ግራሙ ክር» ብለሽ ጠይቂ። ክኒኑንም ዝም ብላ አትተወው። እንዳፈዘዛት ትንገራቸው። መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም ሌላ ይቀየራል።

የሳቢያን እናት፦
ለወገብስ?

ፊዚዮ ከሐረር፦
እህቴ፣ ከወለድሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? በውስጥ ጻፊልኝ።

የመጋላ ልጅ፦
እኔስ? ስኳር የለብኝም። በርጫ ላይ 4 ሰዓት ተጣጥፌ ተቀምጬ ስነሳ የግራ እግሬ ጫፉ አልነሳ አለኝ። ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ስራመድ መሬት ይጠርጋል።

ፊዚዮ ከሐረር፦
ከጉልበትህ ጎን በውጭ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ። ተጣጥፎ ብዙ መቀመጥ ይጫነዋል። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ዛሬውኑ ታይ። እስከዚያ እግርህን አታነባብር። ድካሙ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ወይም ሁለቱም እግር ከደከመ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግባ።

የለገሃሬ ልጅ፦
ኤረርን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ኡሙ ሰሚር፦
እኔ ልመልስልህ። ስኳር ያለበትን ሰው ይዘህ ከሄድክ መጀመሪያ የራስህን ክንድ ክተት። እሱ «ለብ ያለ ነው» ቢልህ አትመነው። ሌላ ምንም አልልህም።

የለገሃሬ ልጅ፦
እሺ አቦ። አባትሽን አላህ ያሽርልሽ።

የከዚራዋ፦
አሁን ማታ ኡሙ ሰሚር የጻፈችውን አንብቤ እናቴን «እግርሽን አሳዪኝ» አልኳት። በስልክ መብራት አየሁ። ቀኝ ተረከዟ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ውስጡ ቀይ ነው። ካልሲዋ ላይ ደም ደርቋል። «ያምሻል?» ስላት «ምኑ?» አለችኝ። ነገ በጠዋት ድል ጮራ ልወስዳት ነው። ማታውን ምን ላድርግ?

ፊዚዮ ከሐረር፦
በንጹሕ ውሃ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው። አልኮል፣ ቡና፣ ቅባት፣ ምንም አትጨምሪ። በእግሯ አትጫነው፣ ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ደግፊያት። ትኩሳት ካላት ወይም ቅላቱ ከሰፋ ጠዋትን አትጠብቂ።

ግሪክ ካምፕ፦
ባጃጅ ካጣሽ ጻፊልኝ፣ ከዚራ ቅርቤ ነው። በ12 ሰዓት ተነስቻለሁ።

ነምበር ዋን፦
እግዚአብሔር ይማራት። ቁስሉ ሲድን ልጁ ጋ እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ። ፊቱ ሰፊ የሆነውን አስቀምጥ ብዬዋለሁ።

የሳቢያን እናት፦
ማሽኑንስ ገዛሽው?