ደራሲው የሚታወቅ ሃይማኖት

ቀበና፦ የወንድሜ ልጅ ከለንደን መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቷል። ትናንት ቡና ተፈልቶ ሳለ እናቴ «ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ትጾማለህ አይደል?» ብትለው «እማማ፣ እኔ ጄዳይ ነኝ» አላት። አዲስ የወጣ በሽታ መስሏት «እግዜር ይማርህ ልጄ» አለችው። ልጁ ሳቀና፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ ሲቆጠር 390,127 ሰው ሃይማኖቱን «ጄዳይ» ብሎ እንደሞላ፣ ከሲኩም ከአይሁዱም ከቡድሂስቱም እንደሚበልጡ አስረዳን። በ1977 የወጣ የስታር ዎርስ ፊልም ነው እኮ! ሌላ ጋላክሲ ውስጥ የብርሃን ሰይፍ የታጠቁ መነኮሳት! ይህ አልበቃ ብሎት «የእናንተውም አንድ ቀን ሰው የጻፈው ነው» ብሎ ጨመረበት፤ ያውም እናቴ ፊት። ደራሲው የሚታወቅ ሃይማኖት ሃይማኖት አይባልም። አለቀ። እንዲህ ያለውን የሚመዘግብ መንግሥትም ያሳፍራል።

የሕግ ሰው፦ መንግሥት መዘገበው ያለህ ማን ነው? ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ «አሥር ሺህ ሰው ከሞላው ሕጋዊ ሃይማኖት ይሆናል» የሚል የኢሜይል ወሬ ተዛምቶ ነበር፤ ወሬውም ሐሰት ነው። ቆጣሪው መሥሪያ ቤት ለመልሱ የመለያ ቁጥር ሰጠው እንጂ ሲደምር «ሃይማኖት የለኝም» ካሉት ጋር ነው ያስቀመጣቸው። በ2011 ወደ 176,632 ወርደዋል፤ ቀልዱ አርጅቷል ማለት ነው። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ «የጄዳይ ሥርዓት ቤተ መቅደስ» የተባለ ድርጅት የበጎ አድራጎት ምዝገባ ጠይቆ የእንግሊዝና የዌልስ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን አልተቀበለውም። ምክንያቱ ግን ያንተ ምክንያት አይደለም። ኮሚሽኑ መንፈሳዊነት አለው ወይ፣ ትምህርቱስ እርስ በርሱ ይያያዛል ወይ፣ የምር ነው ወይ ብሎ መረመረ። «ደራሲው ይታወቃል» የሚል መስፈርት ሕጉ ውስጥ የለም። ሕጉ እንዲያውም አምላክ የሌለበትንም እምነት ሃይማኖት ይለዋል።

ቀበና፦ መቼ ነው «አንተ» የተባባልነው? ደግሞስ ውድቅ ተደረገ ካሉ እኔን ደገፉኝ እንጂ ምኑን ተቃወሙኝ?

የሕግ ሰው፦ ይቅርታ፣ እርስዎ። ትክክለኛ ፍርድ በተሳሳተ ምክንያት ሲደገፍ ዝም ማለት አልችልም፤ የሙያ በሽታ ነው። እግዜር ይማርህ ይበሉኝ።

የደብተራ ልጅ፦ እኔ የቆጨኝ «ደራሲ» የሚለው ቃል ነው። ጋሼ ቀበና፣ ሰዓታቱን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ምንድን ነው? ደራሲ ነው። ድጓውስ የማን ነው? የያሬድ። ስማቸውን እየጠራን፣ በዓላቸውን እያከበርን እንቆማለን። አባቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መቋሚያውን ተደግፎ የደራሲ ሥራ ነበር የሚያዜመው። የሚታወቅ ደራሲ ማለት ስድብ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ቀበና፦ ያሬድ ዜማውን ከሰማይ ሰማ እንጂ ሲኒማ ቤት ትኬት አልሸጠም! እናንተ ሰዎች ሆን ብላችሁ ነው የማትረዱኝ።

የደብተራ ልጅ፦ እንግዲያው መስፈርትዎ ደራሲው መታወቁ አይደለም፤ ከየት አመጣው ነው። እሱን ቀድመው ቢሉት ኖሮ እዚህ ባልደረስን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ከሰማይ ሰማ» ማለትም አያድንም። ሳይንቶሎጂ የሚባለውን አዲስ እምነት ያቋቋመው ሰው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ነበር፤ ስሙም፣ ታሪኮቹ የወጡባቸው መጽሔቶችም ይታወቃሉ። ትምህርቱ ላይ ደግሞ ከ75 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዜኑ የሚባል የጋላክሲ ገዢ ሕዝቡን ወደ ምድር አጓጓዘ የሚል ታሪክ አለበት። የሌላ ዓለም ሃይማኖት ማለት ይህ ነው። ይህም ሆኖ የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ለንደን ያለው ጸሎት ቤታቸው ጋብቻ እንዲፈጸምበት ይመዝገብ ብሎ ፈረደላቸው። ጄዳዩ የተጣለው ደራሲ ስላለው ከሆነ፣ ይኸኛውስ?

የሕግ ሰው፦ አንዱ ጉዳይ የጋብቻ ቦታ ምዝገባ ነው፤ ሌላው የበጎ አድራጎት ምዝገባ። ሕጋቸው የተለያየ ስለሆነ አታምታታ። እዚያው አገር ሳይንቶሎጂም የበጎ አድራጎቱን ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከልክሏል። «ደራሲው» የሚለውን ነጥብህን ግን ተቀብያለሁ።

ቀበና፦ ሁላችሁም «ደራሲው፣ ደራሲው» እያላችሁ የአንድ ሰው አንድ ቃል ታኝካላችሁ። በአጭሩ ልበል፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ጄዳዩም፣ ዜኑም፣ ያላዩትን አገር ገነት ብለው ጸጉራቸውን የሚገምዱትም አንድ ናቸው።

የሻሸመኔ ልጅ፦ ቆይ! የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ። ጸጉራቸውን የሚገምዱት ራስተፈሪያኖች ጎረቤቶቼ ናቸው። ትምህርት ቤት የሄድሁት ከልጆቻቸው ጋር ነው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት አጥራቸው ሥር ቆመው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክር ያለበት ኮፍያቸውን እያራገፉ «ሰላም» ይሉን ነበር። ከዚያ ሌላ የሚያውቁት አማርኛ ትንሽ ነው። ከጄዳይ ጋር ደመሯቸው?

ቀበና፦ ንጉሡን፣ ኃይለ ሥላሴን፣ አምላክ ብለዋል። ምን ልበላቸው?

የሻሸመኔ ልጅ፦ ብለዋል። ንጉሡም ሰው መሆናቸውን ራሳቸው ተናግረዋል፤ እነሱም ሰምተው አልተዉም። ጋሼ፣ ነገሩን ገልብጠው ይዩት እስቲ። እ.ኤ.አ. በ1930 የነገሡ ንጉሥ ፎቶግራፍ ባሕር ማዶ፣ ጃማይካ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እዚያ ያለው ድሃ አያቶቹ ተሽጠው የመጡ ነው። ለእሱ ሌላው ፕላኔት እኛ ነን። እኛ ነን ያልታየው ዓለም! እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1966 ንጉሡ ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት መውረድ እስኪያቅታቸው ድረስ ውስጥ ቆይተዋል። ይህ በቆጠራ ቅጽ ላይ የተጻፈ ቀልድ ነው? ለጥቁር ሕዝብ ውለታ ተብሎ በተሰጠው አምስት ጋሻ መሬት ላይ ለመኖር ቤታቸውን ሸጠው፣ መርከብ ተሳፍረው መጥተዋል። ደርግ አብዛኛውን መሬት ወሰደባቸው፤ የቀሩት ግን ቀሩ። መታወቂያ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጄዳዩ ለእምነቱ ምን ከፈለ? የሲኒማ ትኬት።

የደብተራ ልጅ፦ ቦብ ማርሌይን ያጠመቁትን አቡነ ይስሐቅን ወደዚያ የላኩት ንጉሡ ራሳቸው እንደሆኑ አትርሳ። ይህ ምን ይባላል? «እኔ አይደለሁም፤ ወደ እውነተኛው ሂዱ» ማለት አይደለም?

የሻሸመኔ ልጅ፦ ማለት ነው። የሄዱም ያልሄዱም አሉ። ሰው በወደደው ይቆርባል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ምን ከፈለ» የሚለው መለኪያህ ያስፈራኛል። በመጋቢት 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ 39 ሰዎች ከጅራታም ኮከብ ኋላ የሚመጣ መንኮራኩር ይወስደናል ብለው ሕይወታቸውን አጠፉ። ከዚያ በላይ ምን ይከፈላል? ከፈሉ ማለት ልክ ናቸው ማለት ነው?

የሻሸመኔ ልጅ፦ ልክ ናቸው አላልሁም። ቀልድ አይደለም ነው ያልሁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ክርክሩ ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም እንጂ፣ ቀልድ ነው ወይስ አይደለም መቼ ሆነ?

የሒሳብ ሹም፦ እኔ ለንደን ነኝ፤ ለአንዲት ትንሽ ደብር ሒሳብ እይዛለሁ። ፍልስፍናውን ትቼ ስለ ቅጹ ልንገራችሁ። እኛም ለበጎ አድራጎት ምዝገባ አመልክተን ነበር። የሙዳየ ምጽዋቱን ገንዘብ ለዓመታት የያዝነው ሰማያዊ ደብተር ላይ ነው፤ ግማሹ በእርሳስ፣ የጥምቀት ሰሞኑ ገጽ ደግሞ ሻይ ፈስሶበታል። ጥፋቱ የራሳችን ነው። ባለአደራዎቹ እነማን ናቸው ስንባል ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ «እኔ ነኝ» አሉ። ስለ ሥላሴ የጠየቀን የለም፤ የተጠየቅነው ደረሰኝ ነው። አዳራሹን የምንከራየው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ የእነሱን የመዝሙር መጽሐፍ ወደ ቦታው መልሰን፣ ወንበር ደርድረን፣ ከዚያ ነው ሳንቲም የምንቆጥረው። ያ የወንድምዎ ልጅ እምነቱን ማስመዝገብ ከፈለገ መጀመሪያ ደብተር ይግዛ።

ቀበና፦ ይኸው! ሃይማኖትን ወደ ደረሰኝ አወረዳችሁት። ልጁ ያለውም ይህንኑ ነው።

የሕግ ሰው፦ መንግሥት ከደረሰኝ ሌላ ምን ማየት ይችላል፣ ጋሼ? ልብ ይመርምር?

ቀበና፦ ልብማ አይመርምር። ግን 390,127 ብሎ አይጻፍ።

የደብተራ ልጅ፦ እነሱስ ተቆጥረው ነው። እኛ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተቆጠርንም፤ ማን ምን ብሎ እንደሚሞላ ምን ያሳውቅዎታል?

ቀበና፦ የወንድሜን ልጅ ለብቻው ጠርቼ «የምር ነው ወይ?» አልሁት። «ጋሼ፣ መጾም ስላልፈለግሁ ነው» አለኝ። እናቴ ግን አልሰማችም፤ እስካሁን ጸበል ካልወሰድነው እያለች ነው።

የሻሸመኔ ልጅ፦ ያ ያልሰማሁት መሰልዎት? ጎረቤቶቼን ከዜኑ ጋር መደመርዎን ያንሱልኝ።

የሒሳብ ሹም፦ እሑድ ሳንቲም የሚቆጥር ሰው አጥተናል። ልጁ ሲመለስ ይላኩልኝ፤ ጄዳይም ቢሆን ግድ የለኝም።