የሰመር ንባብ ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ለላይብረሪው የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። ከ14 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆቻችን፣ ስድስት ቅዳሜ፣ አንድ መጽሐፍ። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሬይንቦ ራውል ልብ ወለድ «ኤሌነር እና ፓርክ»። ዘመኑ 1986፣ ቦታው ኦማሃ፣ ነብራስካ። ልጅቷ ኤሌነር ቀይ ፀጉር፣ ወፈር ያለች፣ የወንድ ሸሚዝ የምትለብስ፣ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ናት። የልጁ የፓርክ እናት ኮሪያዊት ናት። አውቶቡስ ላይ ቦታ ስታጣ አጠገቡ ትቀመጣለች። አይነጋገሩም። ቀስ በቀስ የሱን ኮሚክ በዝምታ አብረው ማንበብ ይጀምራሉ። «ዓላማ» ስር «ስለ መጀመሪያ ፍቅር መወያየት» ብያለሁ። አስተያየት?

የወላጆች ተወካይ፦ መጽሐፉ ይሁን፣ ዓላማው ግን ጎደለ። ፍቅሩ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የልጅቷ ቤት ነው። አምስት ልጆች አንድ ክፍል ያድራሉ። መታጠቢያ ቤቱ በር የለውም። እንጀራ አባቷ ሳይመጣ ብላ እየተጣደፈች ነው የምትታጠበው። እዚያ ጋ ስደርስ ተነስቼ የልጄን ክፍል በር አየሁት። እንዲሁ።

አማካሪ፦ ልጆቼ፣ ስድቡ በዛ። ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች። ነገ ወላጅ ቢቆጣ ማን ይመልሳል?

የላይብረሪዋ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። በ2013 ሚኒሶታ፣ አኖካ-ሄነፒን የሚባል የትምህርት ወረዳ ውስጥ ወላጆች ይውጣልን ብለው ነበር። ኮሚቴ አየውና መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቀረ። የደራሲዋ ጉብኝት ግን ተሰረዘ። በማግስቱ ዓመት ፕሪንትዝ የሚባለውን የአሜሪካ የወጣቶች መጻሕፍት የክብር ሽልማት አገኘ። ስለዚህ ለወላጆች የሚላከው ደብዳቤ ላይ ስድቡንም የቤቱን ጥቃትም በግልጽ እንጻፍ። ፈርመው ይመልሱ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሁለት ነገር። የፓርክ እናት ስትናገር እንግሊዝኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ይሄ ብዙ ኮሪያውያን አሜሪካውያንን ቅር አሰኝቷል። ክሊኒክ ለእናቶቻችን ስናስተረጉም ያደግን ልጆች ደግሞ ይሄ አያመልጠንም። አንድ ቅዳሜ ለሷ ብቻ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ወላጅ ከተቀመጠ አንድም ልጅ ትንፍሽ አይልም።

የወላጆች ተወካይ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን አንዱ ልጅ ተነስቶ «የኛም ቤት እንደዚህ ነው» ቢልስ? ማነው የሚሰማው?

የላይብረሪዋ፦ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ማንኛውም ሰው ልጅ ተጎድቷል ብሎ ከጠረጠረ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይሄን ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን እንንገራቸው፤ ምስጢር እንጠብቃለን ብለን ቃል እንዳንገባ። ከአባሎቻችን ሶሻል ወርከር የሆነችው እህታችን ሁሌም ትገኝ።

ጸሐፊ፦ እሺ። አንቀጽ 2 እንዲህ ቢሆንስ፦ «ልጆች ስለ መጀመሪያ ፍቅር፣ ከሰው ተለይቶ ስለ መታየትና ደህና ስላልሆነ ቤት፣ ወላጅ በሌለበት እንዲወያዩ፤ ስድስተኛው ቅዳሜ ከወላጆች ጋር»።

አማካሪ፦ ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ጨምሩልኝ። ልጁ ለልጅቷ ካሴት ይቀዳላታል፤ ማድመጫ እንዳታጣ ባትሪም ይሰጣታል። እኛም በ1978 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ሄደን ዘፈን መርጠን ለወደድናት እናስቀዳ ነበር። ስድስተኛው ቀን ላይ ይሄን እናውራላቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ በጀቱ አይከብድም። 12 ቅጂ ከላይብረሪው፣ ምሳ ከኛ። ጋሼ፣ ዎክማን፣ ያ በእጅ የሚያዘው የካሴት ማጫወቻ፣ አለዎት?

አማካሪ፦ ቤዝመንት ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። የጥላሁን ካሴት ተቀርቅሮበታል፣ አልወጣ አለኝ። ሁለት ባትሪ ይዛችሁልኝ ኑ።