«ኪሳራ» ነው «ካሳ»? እስኪ ፍቱልኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ኮምቦልቻ ስልጠና ላይ ስለ አየር ንብረት ፍትሕ ሲወራ የተሰጠን ወረቀት በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ ድሃ አገሮች የተቋቋመውን ፈንድ (በእንግሊዝኛ Loss and Damage የሚሉትን) «የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ» ይለዋል። ኪሳራ ልክ ነው? ለምን ካሳ አልተባለም?

— እህቴ ጥሩ አነሳሽው፣ እኔ ደሴ ነኝ፣ ቃሉ እኔንም ሲከነክነኝ ነው የኖረው። ኪሳራ የነጋዴ ቃል ነው። ከቆቦ ሽንኩርት ጭኖ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ዋጋው ወርዶ ሲጠብቀው «ከሰርኩ» ይላል፣ ለትርፍ ብሎ የገባበት ነው። ደላንታ ያለው አጎቴ ግን ምን ነገደ? በየካቲት የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ገብሱን ዘራ ከዛ ሰማዩ ጭጭ አለ ቡቃያው ሁለት ጣት ሳይሞላ ቢጫ ሆነና ለበግ ለቀቀው። «ዕዳው ገብስ ነው» እንላለን ቀላል ነው ለማለት፣ እሱ ጋ ግን የጠፋው ገብሱ ራሱ ነው። ይሄ ተጎዳ እንጂ ከሰረ አይባልም፣ ተጎዳ ካልን ደሞ ጎጂ አለ።

ካሳ ያልተባለው ተረስቶ አይደለም። የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲፀድቅ አብሮት የወጣው ውሳኔ በተራ ቁጥር 51 ላይ፣ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራው የስምምነቱ አንቀጽ 8 ለተጠያቂነትም ለካሳም መነሻ አይሆንም ይላል፣ ሀብታም አገሮች ተሟግተው ያስገቡት ነው። አፍሪካ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ድርሻዋ ከ4 በመቶ አይበልጥም እኮ! ፈንዱም በ2022 ሻርም አል ሼክ ላይ ሲፈቀድ በዚሁ መንገድ፣ ካሳ ሳይባል ነው የሄደው። በኛ በወሎ አበጋሮቹ (አስታራቂ ሽማግሌዎቹ) ደም ሲያደርቁ በዳይ መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳው ከዛ በኋላ ነው። ሳያምን የሰጠው ብር ምጽዋት ነው።

— ወንድሜ ገባኝ፣ ግን «ካሳ» ብለን ብንተረጉም ያላሉትን ማስባል አይሆንም?

— ይሆናል፣ ልክ ነሽ። ለፈንዱ «ጉዳትና ጥፋት» ይሻላል ባይ ነኝ፣ ጥፋት የጠፋውንም ያጠፋውንም ስለሚይዝ። ካሳ የሚለውን ግን በቦታው አንፍራው፣ ሄግ ያለው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2025 በሰጠው አስተያየት ግዴታውን የጣሰ አገር ካሳ ሊጠየቅ እንደሚችል ብሏል፣ እዛ ጋ «ድጋፍ» ብሎ የሚተረጉም ካለ ስህተት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ሲመጣ ዜናው ሁሉ በአማርኛ ይጎርፋል፣ ከአሁኑ ብንስማማበት ደስ ይለኛል።