ከመድረክ ወርጄ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ። የመድረክ ተዋናይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት 10 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ማዳመጥ፣ ከዚያ ስልክ ሳልነካ ሁለት ሦስት ገጽ መጻፍ ለምጄ ነበር። ልምምድ ላይ እያለን ችግር አልነበረውም። ትያትሩ መታየት ሲጀምር ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ።

ማታ 4 ሰዓት ገደማ እንጨርሳለን። ሜካፕ አጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ ቤት ስገባ ሰውነቴ ዝሏል፤ ጭንቅላቴ ግን ገና መድረክ ላይ ነው። አድሬናሊኑ ቶሎ አይበርድም። ከቃለ ተውኔቱ የዘለልኳት አንዲት ዐረፍተ ነገር እየተመላለሰች ታቃጥለኛለች። (ተመልካቹ እኮ ልብም አላላት!) እንቅልፍ የሚወስደኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ተነስቶ ትንፋሽ ማዳመጥ? የማይታሰብ ነው።

የሚገርመው፣ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ድምፄን ሳሟሙቅ ከሆዴ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ያኔ ልቤ ረጋ ይላል። ቤት ስሞክረው ግን ገጸ ባሕሪዋ አብራኝ ትቀመጣለች፤ በተለይ የማለቅስበት ትዕይንት ከብዶኝ ባመሸሁበት ቀን።

አንዲት ጓደኛዬ "ወደ ከሰዓት አዙሪው" አለችኝ። አዞርኩት። ቅዳሜና እሁድ በቀን ሁለቴ ስንጫወት እሱም ፈረሰ።

መድረክ ላይ የኖራችሁ፣ ወይም የማታ ፈረቃ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ገጸ ባሕሪዋን ከልብሱ ጋር አውልቄ የምሄደው እንዴት ነው? ልማዱን በሰዓት ሳይሆን በሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ሜካፕ ከማጠብ ጋር፣ አስሮ ያዘለቀው ሰውስ አለ? "በጊዜ ተኚ" የሚለውን ምክር ግን በቃኝ፤ በጊዜ ቤት አልገባማ!